ምሬት አቤቱታ አይሆንም

በዚህ ጋዜጣ ላይ ስለ አገር አስተዳደርና ስለ ዓለም ፖለቲካ ብዙ ጊዜ ይጻፋል። እኛ ዛሬ የምናነሣው ስለ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ነገሩ የሚያስቀው ሰው ቢኖር፥ የሚበላውን እንጀራ ማን እንደሚጋግርለት ለጥቂት ጊዜ ያስብ።

ከመካከላችን የአንዱ ቤት ቡሬ ነው። የእርሱ እናት የሁላችንም እናት ናቸውና እናታችን እንላቸዋለን። ባለፈው ጥቅምት ከፍኖተ ሰላም አንድ ምጣድ ገዙ። እስከ ጥር ድረስ ሦስት ጊዜ ተበላሸ። በተበላሸ ቁጥር በመኪና ተጭኖ ፍኖተ ሰላም ይወርዳል፤ ሽቦው ይለወጣል፤ እናታችን ይከፍላሉ። ተጠግኖ እስኪመለስ ድረስ ቤተ ሰቡ ወደ ጉልቻና ወደ እንጨት ይመለሳል፤ ጢሱም ወደ እናታችን ዓይን።

በቡና ሰዓት ጎረቤቱ ሁሉ ያማርራል። «የዘንድሮ ዕቃ!» ይባላል። «ዝም አይነቅዝም» ብሎ የሚያጽናናም አይጠፋም። ነጋዴው ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልሰማም፤ ቡናው ላይ አልነበረምና።

የሚያስደንቀው፥ የአገራችን ሰው መከራከር የማያውቅ አለመሆኑ ነው። በበላ ልበልሃ ሙግት ጊዜ አባቶቻችን ማንን፥ በምን፥ መቼና የት እንደሚከሱ ለይተው ይናገሩ፥ ዋስ ይጠሩ፥ እማኝ ይቆጥሩ ነበር። ስለ መሬት ድንበር እንዲህ የሚሟገት ሰው፥ ነገሩ የምጣድ ሲሆን «ዕድሌ ነው» ብሎ ይቀመጣል።

በየካቲት ዕረፍት ቡሬ በሄድን ጊዜ ጉዳዩን መረመርን። መጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። ነጋዴው «እናቴ፥ ጥፋቱ የመብራቱ ነው» ይል ነበር። ሊሆንም ይችላል። በ220 ቮልት እንዲሠራ የታሰበ ምጣድ 180 ቮልት ብቻ ቢደርሰው፥ የሚሰጠው ሙቀት ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል፤ ይህን በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ተምረናል። ስለዚህ ምጣዱ ማለዳ በደንብ ግሎ፥ ሰው ሁሉ በሚጋግርበት ሰዓት ብቻ የሚለግም ከሆነ ነጋዴውን መክሰስ ግፍ ነው። ስፒናው ጠቁሮ ከቀለጠም ግንኙነቱ ላልቷል ማለት ነው። ዳሩ ግን ሽቦው ሦስት ጊዜ በዚያው በአንድ ቦታ ሲበጠስ በሽታው ከአሠራሩ ነው። የእናታችን ምጣድ በሽታም ይኸው ነበር። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም እንደሚባለው፥ ሽቦ መለዋወጡ ብቻ አላዳነውም።

ሁለተኛው ሕጉን ማወቅ ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ገዢ በዕቃው ላይ ጉድለት መኖሩን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ፥ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ፥ ሸማችም በትሕትና እንዲስተናገድና ከስድብና ከዛቻ እንዲጠበቅ ደንግጓል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በመጋቢት 1954 ዓ.ም. ለምክር ቤታቸው ከዘረዘሯቸው አራት የሸማች መብቶች አንዱ የመሰማት መብት ነበር። የሚሰማ ግን የሚናገር ሲኖር ነው።

እናታችን 15ቱን ቀን «ይሻለው ይሆናል» እያሉ አሳልፈውታል። ደረሰኝም የላቸውም፤ ያለ ደረሰኝ ዋጋው ይቀንሳል ተብለው ነበር። ቅናሹን ያን ቀን ደስ ብሏቸው ተቀበሉ፤ ማስረጃቸውን እንደ ሸጡ ያወቁት ኋላ ነው።

ቢሆንም አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍን። የተገዛበትን ቀንና ዋጋ፥ የተበላሸባቸውን ሦስት ቀኖች፥ በየጊዜው ለጥገና የተከፈለውን ገለጽን፤ የተበጠሰውን ሽቦ በስልክ ያነሣነውን ፎቶግራፍም አያያዝን። ስድብ አልጨመርንም። የምንፈልገውን ግን ለይተን ጻፍን፤ ምጣዱ በ10 ቀን ውስጥ ካልተለወጠ ለከተማው የንግድ ጽሕፈት ቤት እናመለክታለን አልን። ግልባጩንም አስቀረን። ነጋዴው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያም ምጣዱን በሌላ ለወጠ፤ የስድስት ወር ዋስትናም በጽሑፍ ሰጠ። ለሦስቱ ጥገና የወጣው ገንዘብ ግን ቀልጦ ቀርቷል።

ጓደኞቻችን፤ እኛ በአዳራሽ ቆመን ስለ ተበደሉት ሁሉ አቤት ለማለት የምንፈጥን ነን። ከመካከላችን ለእናቱ አንድ ደብዳቤ የጻፈ ግን ስንት ነው? እኛም ብንሆን ሦስት ወር ዘግይተናል፤ በጥቅምት ብንጠይቅ ኖሮ ቀኑም ገንዘቡም ባላለፈ ነበር። ስለዚህ ማኅበራችን ከክረምቱ ዕረፍት በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ይመድብ፤ የሕግ ተማሪዎች አዋጁን፥ የምሕንድስና ተማሪዎች ምጣዱን ያስረዱን፤ መምህራኖቻችንም ይርዱን። ከዚያም በየቤታችን ስንገባ፥ የአገርን ጉዳይ ከመተንተናችን በፊት ማድቤት ጎራ ብለን «ምን ተበላሸ? መቼ? ደረሰኙስ የት አለ?» ብለን እንጠይቅ።