ብርሃኑ ቢጠፋም ሙቀቱ አለ

እስቲ ባለእጁ ማረሻ ሲሠራ እንመልከት። ብረቱ እሳት ውስጥ ሲግል ይቀላል። ሙቀቱ ስለ በዛ ብርሃን ይሰጣል ማለት ነው። ከእሳት ሲወጣ ቅላቱ ቶሎ ይጠፋል። ታዲያ በረደ ማለት ነው? የለም፣ አልበረደም!

ብረት የሚቀላው ሙቀቱ 500 ዲግሪ ካለፈ ነው። የፈላ ውሃ እንኳ ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ የጠቆረው ማረሻ ከፈላ ውሃ ይብስ ያቃጥላል። ምጣድማ ጭራሽ ሳይቀላ ያቃጥላል።

ልጅ ግን ካልቀላ የበረደ ይመስለዋል። እንጠብቀው። ከተቃጠለም ቅቤ ወይም ሊጥ አንቀባው። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ እናፍስበት። ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ ቶሎ ጤና ጣቢያ እናድርሰው።