በውሻ የተረከዝ ጅማት ስፌት ክፍተቱ ይለካ

የተበጠሰ የውሻ የተረከዝ ጅማት ሲጠገን ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «የትኛው ስፌት ይበልጥ ይጠነክራል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን ያሳስታል። ስፌቱ ከመበጠሱ አስቀድሞ ሁለቱ የጅማት ጫፎች ቀስ በቀስ ይራራቃሉ፤ ክሩ ሳይበጠስ፣ ቋጠሮውም ሳይፈታ ጥገናው ሊከሽፍ ይችላል። ስለሆነም ስፌት በቅድሚያ መመዘን ያለበት ክፍተትን በመከላከል አቅሙ ነው።

ለዚህ በብዛት የሚጠቀሰው ልክ 3 ሚሊሜትር ነው። ጌልበርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት፣ ክፍተታቸው ከዚህ የሰፋ ጅማቶች ከ10ኛው እስከ 42ኛው ቀን ድረስ እንደሌሎቹ ጥንካሬ አልጨመሩም። ይሁን እንጂ የተጠኑት የውሻ የፊት እግር ጣት አጣፊ ጅማቶች ሲሆኑ፣ የታሰበውም ለሰው እጅ ቀዶ ሕክምና ነበር። ውሻ ለሰው ያበረከተው ቁጥር ወደ ውሻ ሲመለስ በሌላ ጅማት ላይ ማረፉ ሊዘነጋ አይገባም። በሽፋን ውስጥ የሚንሸራተት ቀጭን ጅማትና በየእርምጃው የሰውነት ክብደት የሚጫነው የተረከዝ ጅማት አንድ አይደሉም። ቁጥሩ ማስጠንቀቂያ እንጂ ሕግ አይደለም።

በዚህ መስፈርት ባለሦስት ዙር ፑሊ ስፌት ከተቆላፊው ስፌት ይመረጣል፤ በርግና ኤገር እ.ኤ.አ. በ1986 ሁለቱን ያነጻጸሩት ክብደት በሚሸከሙ የውሻ ጅማቶች ላይ ነው። ሦስቱ ዙሮች በ120 ዲግሪ እየዞሩ ከተቆረጠው ጫፍ በተለያየ ርቀት ስለሚያልፉ ጭነቱ ይከፋፈላል። ለጠፍጣፋ ጅማት ግን ተቆላፊው ይስማማል። በየትኛውም ስፌት ላይ በቀጭን ክር የጅማቱን ዙሪያ መስፋት ክፍተቱን ይቀንሳል፤ ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል ሊተው አይገባም።

የትኛውም ስፌት ብቻውን የውሻውን ክብደት አይችልም። የቁርጭምጭሚቱ መገጣጠሚያ ተዘርግቶ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ታስሮ መቆየት አለበት፤ በ6ኛው ሳምንት የጅማቱ ጥንካሬ ከቀድሞው ከግማሽ ብዙም አያልፍም። ውሻው ስላላነከሰ ብቻ ባለቤቱ ጀሶውን ቀድሞ ካስፈታ፣ እጅግ የተዋጣለት ስፌትም ይላላል።

የቀዶ ሕክምና ተግባራዊ ትምህርት ከቋጠሮ አያያዝ ባሻገር ክፍተትን መለካት ማስተማር ይኖርበታል። ውድ የመሳቢያ መሣሪያ በሌለበት ቦታ እንኳ ከሞተ ውሻ የተወሰደ እግር፣ የታወቀ ክብደት ያለው ብረትና ማስመሪያ ይበቃሉ። ተማሪው የሰፋውን ጅማት ብረቱን አንጠልጥሎ ይጎትተው፤ ጫፎቹ በስንት ኪሎ እንደተለያዩም ይመዝግብ።