«አይሆንም»ን ፀጉር ላይ አትጨርሱት

የዛሬው ጽሑፍ አንዳንዶቻችሁን ሊያናድድ ይችላል። ተናደዱ፣ ግን አንብቡት።

ወንዱ ልጅ ፀጉሩን ስላጎፈረ ቤት ውስጥ ጦርነት ይታወጃል። ሴቷ የፀጉሯን ጫፍ ቀለም ስለቀባች ሳምንት ሙሉ የሚያናግራት ይጠፋል። እዚያው ቤት መታጠቢያው መደርደሪያ ላይ ግን ፊት የሚያጠራ ክሬም ተቀምጧል፤ ማንም ምን እንደሆነ አይጠይቅም። አንዳንዴ የገዛችው እናት ራሷ ናት። የእኔ ጠብ ከዚህ ጋር ነው።

በሐኪም ዓይን ፀጉር ይቆረጣል፣ መልሶ ያድጋል፤ አለቀ። የአባቶቻችሁን የ1960ዎቹን ፎቶ አውጥታችሁ እዩት እስቲ፣ ያ ሁሉ አፍሮ የማን ነበር? አንገታቸውን የተነቀሱ፣ ድዳቸውን የተወቀሩ አያቶችስ? (እሱማ የማይለቅ ነው።) መልክን መለወጥ ከቲክቶክ ጋር የመጣ አይደለም።

ክሬሙ ግን ሌላ ነገር ነው። ኮስሞቲክስ ቤት እንደ ተራ ቅባት ከሚሸጡት ውስጥ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የተባለ ስቴሮይድ ያለባቸው አሉ። ክሎቤታሶል በጣም ጠንካራ ከሚባሉት የቆዳ መድኃኒቶች አንዱ ነው። እኛ ስናዘው ለታወቀ የቆዳ በሽታ፣ በአብዛኛው ከ2 ሳምንት ላልበለጠ ጊዜ ነው፤ ፊት ላይ እንዲቀባ አንመክርም። ልጆቻችን ግን ጠዋትና ማታ፣ ለወራት፣ ፊታቸውን ይቀቡታል።

መጀመሪያ ላይ ያታልላል። ብጉሩ ይጠፋል፣ ፊት ይጠራል፣ ሰው ሁሉ «አማረብሽ» ይላል። ከዚያ ቆዳው እየሳሳ ይሄዳል። ቀያይ የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ፊት ላይ ፀጉር ይወጣል፣ ብጉሩ ብሶ ይመለሳል። ላቁም ስትል ፊቷ ይቀላል፣ ያቃጥላታል፤ ስለዚህ መልሳ ትቀባለች። ዓይን አካባቢ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ የዓይን ግፊትና የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል። በብዛት ሲቀባ ወደ ደም ገብቶ ሰውነት ራሱ የሚያመርተውን ኮርቲሶል ያዳክማል። ሜርኩሪ ያለባቸውም አሉ፤ እነሱ ኩላሊት ይጎዳሉ። ሃይድሮኪኖን ለዓመታት የተቀባ ፊት ደግሞ ይነጣል ሲባል ሰማያዊ መሳይ ጥቁረት ሊይዝ ይችላል፤ እሱን ማስለቀቅ እጅግ ከባድ ነው።

«የእኔ ልጅ እንዲህ አታደርግም» ትላላችሁ። ከእረፍት ስትመለስ በር ላይ «ውይ፣ ምነው እንዲህ ጠቆርሽ!» ያላት ማነው? እህቷ ቀይ ስለሆነች ብቻ «ቆንጆዋ» እየተባለች የምትጠራው በማን አፍ ነው? በአክስት፣ በጎረቤት፣ በእኛው። ይህንን ቤት ውስጥ ያስገባን እኛ ሆነን ጥፋቱን ሁሉ በስልኳ ላይ አናላክ።

«ታዲያ ያሻቸውን ይሁኑ ነው የምትይን ዶክተር?» አይደለም። መደራደር ልጅን መፍራት አይደለም። እኔ የምጠይቀው ይህ ነገር ይመለሳል ወይስ አይመለስም ብዬ ነው። ቁርጥና ሹሩባ ይመለሳሉ፤ ፍቀዱ። ሹሩባው ጠብቆ ግንባር ላይ የሚያም ከሆነ ግን ይላላ፤ ያ ሕመም ሥሩ እየተጎተተ ስለሆነ ነው፣ ሲደጋገም ፀጉሩ ላይመለስ ይችላል። ቀለሙን ትምህርት ቤቱ ከከለከለ ለክረምት ተቀጣጠሩ። ሪላክሰር ቆዳ የሚያቃጥል ኬሚካል ነውና ብታዘገዩት እመርጣለሁ። ጆሮ መበሳት ከፈለገች፣ ጫፉ ላይ፣ አዲስ በተከፈተ መርፌ ይሁን፤ ቤተሰባችሁ ውስጥ ጠባሳው አብጦ የሚያድግ ሰው ካለ ግን ይቅር። የጆሮ የላይኛው አጥንት መሳዩ ክፍል ላይ ጠንከር ብላችሁ ተከራከሩ፤ ደም በደንብ ስለማይደርሰው ካመረቀዘ የጆሮውን ቅርጽ ያበላሻል። ንቅሳት? እስኪያድጉ አይሆንም። ክሬሙም አይሆንም፤ በእሱ ላይ ድርድር የለም።

አያችሁ፣ ይህ «አይሆንም» የሚሰማው ከዚያ በፊት «እሺ» የተባለለት ልጅ ጋ ነው። ስለ ጫማው፣ ስለ ሱሪው፣ ስለ ፀጉሩ ሁሉ «አይሆንም» የተባለ ልጅ መጠየቁን ያቆማል። ጓደኛው ቤት ሄዶ፣ ለስንቱ ባገለገለ መርፌ ይበሳል፤ ሄፓታይተስ ቢና ኤችአይቪ የሚተላለፉበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። ክሬሙንም ፍራሽ ሥር ትደብቀዋለች። እኔ ጋ የሚመጡት ፊታቸው ከተቃጠለ በኋላ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ልጃችሁ ለወራት ስትቀባ እንደቆየች ካወቃችሁ ቱቦውን ከእጇ ነጥቃችሁ ቆሻሻ ውስጥ አትወርውሩት። ድንገት ማቆም ፊቷን ሊያባብሰው ይችላል፤ በሰፊው ስትቀባ ከነበረ ደግሞ ለጤናዋም አደጋ አለው። ስድቡን ትታችሁ ልጅቷንም ክሬሙንም ይዛችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ስሙ የተፋቀ ወይም በብልቃጥ ተቀላቅሎ የተሸጠ ቢሆንም ያንኑ ያዙ፤ ብልቃጡን ሳናይ የቀባችውን መገመት ይቸግረናል።