የክት ልብሳችን ለጥምቀት ይውጣ

የጥምቀት በዓል በተቃረበ ቁጥር በየቤታችን ከሚነሡት ጉዳዮች መካከል የልብስ ነገር ግንባር ቀደሙን ሥፍራ ይይዛል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ብሂል ከአበው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ በመሆኑ፣ ለቤተሰቡ አዲስ ልብስ ሳይገዛ ታቦት ማጀብ የሚያሳፍር የሚመስለው ወላጅ ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ ብሂሉን ረጋ ብለን ስንመረምረው «አዲስ» የሚል ቃል አናገኝበትም። የሚወቅሰው በክብር ቀን የክት ልብሱን ከሣጥን የማያወጣውን ሰው እንጂ፣ የቆየውን አድሶ የለበሰውን አይደለም።

ይህን ጉዳይ በጎሬ ላይ ተመርኩዘን ብንመለከተው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ጎሬ የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ትልቅ የንግድ መናኸሪያ ነበረች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ከተፈቀደ በኋላ፣ የአካባቢው ቡና በቡሬ በኩል ወደ ባሮ እየወረደ፣ ወንዙ በክረምት ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይጓዝ ነበር። በምላሹም ጨውና አቡጀዲ ወደ ጎሬ ገበያ ይወጣ ነበር። እንግዲህ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ጨርቅ ለጎሬ ሰው እንግዳ አይደለም። ሆኖም ለበዓል ቀን የሚመረጠው በሸማኔ እጅ የተሠራው ሸማ ነበር። የዚያ ዘመን ጥልፍ ቀሚስ፣ ኩታና መቀነት ዛሬም በአንዳንድ አረጋውያን ሣጥን ውስጥ ታጥፎ ይገኛል።

የዛሬው አሳሳቢ ነገር ምንድን ነው? በቡና አብቃይ አካባቢ ቡና ተለቅሞ ገንዘብ ከእጅ የሚገባው ገናና ጥምቀት በሚከታተሉባቸው ወራት ነው። በእነዚህ ወራት ለልብስ ያለቅጥ የወጣ ገንዘብ፣ ጎተራው በሚራቆትበት በሐምሌና በነሐሴ ተፈልጎ አይገኝም። የልጆች የትምህርት ቤት ወጪም ከዚያው ቀጥሎ ይመጣል። በዱቤ ተገዝቶ አንድ ቀን የታየ ቀሚስ ዓመቱን ሙሉ የሚከፈል ዕዳ ሲሆን፣ የበዓሉ ደስታ ወደ ጭንቀት ይለወጣል።

ስለሆነም ከመግዛት በፊት ሣጥን መክፈት ይገባል። የእናት ወይም የአያት ቀሚስ ሲወጣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ማየት፣ የሳሳውንና የተቀደደውን ለይቶ ማወቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው ጠርዙና ብብቱ ሲሆን፣ ጥለቱና ጥልፉ ደህና ሆኖ ይቆያል። ጥሩ ልብስ ሰፊ ጠርዙን አሳጥሮ ለልጅ ሊያደርገው፣ ወይም ጥለቱን በጥንቃቄ ፈትቶ በአዲስ ነጭ ሸማ ላይ ሊተክለው ይችላል። ሰፊውን ቀሚስ ሳይቆርጡ በመቀነት ማሰርም የአያቶቻችን ብልኃት ነው። አራት ድርብ ሆኖ የተሠራው ጋቢ መሐሉ ቢያልቅ፣ ከዳርና ዳር የሚተርፈው ጨርቅ ለሕፃን መጠቅለያ ይበቃል።

ዝናብ በሚበዛበት እንደ ኢሉባቦር ባለ አገር ደግሞ የልብስ ትልቁ ጠላት እርጥበት ነው። ነጭ ሸማ በፌስታል ታፍኖ ሲከርም ሻጋታ ያበላሸዋል። ክረምቱ እንዳለፈ አውጥቶ ነፋስ ማስመታት፣ በደንብ ሳይደርቅ አለማጠፍ፣ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅም ጠቅልሎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በረኪና የጥጡን ክር ያደክማል፤ የጥለቱንም ቀለም ያጠፋል። ስለዚህ በለስላሳ ሳሙና አጥቦ ጥለት ያለበትን በጥላ ማድረቅ ይመረጣል።

«ሁሉም አሮጌ ከለበሰ ሸማኔው በምን ይኑር?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሸማኔውን ገበያ የሚሻማው ግን የአያት ቀሚስ ሳይሆን፣ ጥለት መስሎ በማሽን የታተመው ጨርቅ ነው። ገልብጦ ማየት ልዩነቱን ያሳያል፤ የታተመው ከውስጥ በኩል ይደበዝዛል፤ በእጅ የተሸመነው ግን ክሩ በሁለቱም ወገን ይታያል። በየዓመቱ ቶሎ የሚያልቅ የታተመ ቀሚስ ከመግዛት፣ ያለውን እያደሱ በጥቂት ዓመታት አንድ እውነተኛ ሸማ ማሠራት ለቤተሰቡም ለሸማኔውም ይበጃል። ያ ሸማ ነገ የልጅ ልጅ የክት ልብስ ይሆናልና።

በዓለም ታላላቅ ከተሞች ወጣቶች የቀድሞ ዘመን ልብስ በብዙ ገንዘብ እያፈላለጉ ይገዛሉ። ለእኛ ያ ሀብት በሣጥናችን ውስጥ ነው። የጥምቀት በዓላችን በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ፣ የተመሰከረለት ከትውልድ ወደ ትውልድ በመተላለፉ ነው። ልብሱም ከዚሁ ጋር አብሮ ሊተላለፍ ይገባዋል።

እንግዲህ በከተራ ዋዜማ አንዲት የጎሬ ልጅ የአያቷን ቀሚስ ለብሳ ብትወጣ፣ አዲስ መግዛት አቅቷት ነው ብሎ የሚያዝንላት አይኑር። አያቷም አጠገቧ ቆመው የጥለቱን ታሪክ ይንገሯት። ለጥምቀት የሆነ ቀሚስ ማለት ይህ ነው እንላለን።

መልካም የጥምቀት በዓል!