“ኮርጇል” ወይስ “አልኮረጀም”?

በየሴሚስተሩ መጀመሪያ የሚታደለንን የኮርስ አውትላይን መጨረሻ ገጽ አንብባችሁት ታውቃላችሁ? እኔ እስከ ዘንድሮ አንብቤው አላውቅም ነበር። እዚያ ላይ “መኮረጅ በጥብቅ የተከለከለ ነው፤ ኮርጆ የተገኘ ኤፍ ያገኛል” የምትል ዓረፍተ ነገር አለች። መምህሩ በመጀመሪያው ቀን አንዴ ያነባታል፣ እኛ ራሳችንን እንነቀንቃለን፣ አለቀ። አሳይመንቱ ሲደርስ ፋይሉ በቴሌግራም ከዶርም ዶርም ይዞራል።

በዚህ ሴሚስተር ግን አንድ መምህራችን ነገሩን በሌላ መንገድ ሞከሩት። ክፍል ሲገቡ የያዙት አውትላይን ሳይሆን በመቀስ የተቆራረጡ ወረቀቶች ነበር። “ዛሬ ሌክቸር የለም፣ እንጫወታለን” ሲሉ ከኋላ ያሉት ልጆች አጨበጨቡ (“ሌክቸር የለም” የሚለውን ብቻ ሰምተው ነው መሰለኝ)። የጨዋታው ሕግ ቀላል ነው። በየወረቀቱ ላይ አንድ ተማሪ ወይም ጋዜጠኛ ያደረገው ነገር ተጽፏል። አንዱ ተነስቶ ያነባል፤ “ኮርጇል” የምንል በመስኮቱ በኩል፣ “አልኮረጀም” የምንል በበሩ በኩል እንቆማለን። መሐል ላይ መቆም ክልክል ነው። ከዚያ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው በዕጣ ወጥቶ ይከራከራል፤ ክርክሩ ያሳመነው ሰው ቦታውን ይቀይራል።

የመጀመሪያው ወረቀት “ተማሪው አጤሬራ ይዞ ፈተና ገባ” ይላል። ሁላችንም እየሳቅን ወደ መስኮቱ ሄድን። ሁለተኛው ሲነበብ ሳቁ ቆመ። ተማሪዋ ከድረ ገጽ ሦስት አንቀጽ ወስዳ በየዓረፍተ ነገሩ ሁለት ሁለት ቃል ቀይራለች፤ ምንጩን አልጠቀሰችም። ከክፍሉ ግማሹ በበሩ በኩል ቆመ ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔም እዚያው ነበርኩ። “ቃሉን ከቀየረችው እኮ የራሷ ሆነ” ስንል ከልባችን ነው። ቀጥሎ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ መልሶ በስሙ ያወጣ ዘጋቢ መጣ፤ ከዚያ ቻትጂፒቲ የጻፈላትን አስተካክላ ያስረከበች ተማሪ። በየወረቀቱ ሰዉ ከበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር ይተራመሳል። ያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ስንኮርጅ የኖርነው ሕጉን ንቀን ብቻ አለመሆኑን ነው። አጤሬራን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከአጤሬራ ውጭ ያለውን ግን ማንም አስረድቶን አያውቅም።

አምስተኛው ወረቀት ግን የኔ ጉድ ነበር። “ተማሪው ግሩፕ አሳይመንቱ ላይ ምንም ሳይሠራ ጓደኞቹ ስሙን ጻፉለት።” አምና እኔ ላይ የሆነው ይኸው ነው። እኔ ሌላ ፈተና እያጠናሁ ነበር፣ ልጆቹ ስሜን ጻፉልኝ፣ 19 ከ20 አገኘሁ። ዕጣው ለኔ ወጣና በበሩ በኩል ሆኜ ተከራከርኩ። “ይሄ ጓደኝነት ነው፤ ነገ እኔም እሠራላቸዋለሁ፤ ማን ተጎዳ?” አልኩ። ጥሩ የተናገርኩ መሰለኝ፣ ሁለት ልጆች ወደኔ ተሻገሩ። ከመስኮቱ በኩል የወጣችው ልጅ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። “ግሩፕ አጥቶ ብቻውን የሠራው ልጅስ ስንት አገኘ?”

እሷ ዝም ብላ ነው የጠየቀችው፤ እኔ ግን ያንን ልጅ አውቀዋለሁ። 13 ነው ያገኘው። እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከኔ ሦስት ሰው አልፎ ቆሟል። መልስ አጣሁና ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ክፍሉ ሳቀ።

አውትላይኑ አንድ ሺህ ጊዜ ቢነበብልኝ ይህ ስሜት አይመጣም ነበር። ማስጠንቀቂያው የሚነግረኝ ብያዝ እኔ ምን እንደምሆን ነው። ጨዋታው ያሳየኝ ባልያዝም ሌላው ሰው ምን እንደሆነ ነው።

በእርግጥ ቁጥጥር አያስፈልግም አልልም። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በመገኘቱ እንደተቋረጠ እናስታውሳለን። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ፈተናው ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው የሚፈተኑት ሆነ፤ በዚያው የመጀመሪያ ዙር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። እኛም ተፈትሸን፣ ስልክ ተከልክለን የተፈተንን ልጆች ነን። ነገር ግን ፈታሽ የሚቆመው ፈተና በር ላይ ነው። አሳይመንት የሚሠራው ዶርም ውስጥ ነው፣ ዜና የሚጻፈው ደግሞ ብቻ ለብቻ ነው።

በተለይ ለኛ ሙያ ይህ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 ጃኔት ኩክ የተባለች የዋሽንግተን ፖስት ዘጋቢ የሄሮይን ሱሰኛ ስለሆነ የ8 ዓመት ልጅ ጻፈች። ፖሊስ ልጁን ሊያድን ከተማውን አሰሰ፣ አላገኘውም። በ1981 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘች። ሽልማቱ ሲታወጅ ግን ስለ ትምህርቷ የሰጠችው መረጃ አልገጣጠም አለ፤ ያልተመረቀችበትን ኮሌጅ ተመርቄበታለሁ ብላ ነበር። ይህ ሲጣራ ልጁም በዓለም ላይ እንደሌለ ታወቀ፣ ሽልማቱም ተመለሰ። ልብ በሉ፣ የዜናው ውሸት የተጋለጠው በትምህርት ማስረጃው ውሸት በኩል ነው።

“ጨዋታ ነገሩን ያቀለዋል” የሚሉ መምህራን እንዳሉ ሰምቻለሁ። ድሮ በአገራችን ሁለት ነገር ነበር። አንዱ አውጫጭኝ ነው፤ ሌባው እስኪታወቅ አገሬው ተሰብስቦ ይውላል። ሌላው በላ ልበልሃ ነው፤ ተሟጋቾች ዋስ ጠርተው፣ በማር በበቅሎ እየተወራረዱ በአደባባይ ይከራከራሉ፣ ከቦ የቆመው ሰው ደግሞ እየሰማ ሕግ ይማራል። በላ ልበልሃ ሳቅም ፉከራም ነበረበት፤ ፍርዱ ግን ፍርድ ነበር። እኛ ዲፓርትመንት ውስጥ ስለ ኩረጃ የሚወራው ሁሉ አውጫጭኝ አውጫጭኝ ይሸታል። ማን ነው? ማን ነው የጀመረው? ፋይሉን ማን ላከው?

“ጊዜ የለም” የሚለው ይሻላል፣ እውነትም ክፍላችን ጠባብ ነው፣ ተማሪው ብዙ ነው። ግን ያ ጨዋታ የወሰደው አንድ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ወጪው አራት ወረቀትና አንድ መቀስ። እኔ የምጠይቀው ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የመጀመሪያው አሳይመንት ከመሰጠቱ በፊት አንድ ቀን እንዲጫወቱት ነው። ከተቻለ ደግሞ የመምህራንም ወረቀት ይጨመርበት። ለምሳሌ፣ የደራሲው ስም የሌለበት ፎቶ ኮፒ ሃንድአውት የሚያድል መምህር የት ይቁም? (መስኮቱ ሰፊ ነው፣ አይጨናነቁም።)

19ኙን በተመለከተ፣ አምና ኮርሱን የሰጡን መምህር ቢሮ ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ። መነጽራቸውን አውልቀው “ለምን አሁን?” አሉኝ፤ ስለ ጨዋታው ነገርኳቸው። አስብበታለሁ ብለውኛል። ማርኬ እስካሁን አልተቀነሰም። 13 ላገኘው ልጅ ግን ገና ምንም አላልኩትም፣ ይህንን ጽሑፍ ከኔ ቀድሞ ሊያነበው ይችላል።