የወላጆች ማኅበር በሁለቱ ምክር ቤቶች ፊት

በአሜሪካ የኒው ሃምፕሻየር ግዛት 400 አባላት ያሉት የሕግ መምሪያና 24 አባላት ያሉት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት፣ የተሰረዘ የወላጆች ማኅበር ቻርተር በአዋጅ ሲመልሱ ብንሰማ፣ ሥራ ፈትተው ነውን? እንል ይሆናል። ነገሩ ግን የሚናቅ አይደለም።

በግዛቲቱ ሕግ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር በየ5 ዓመቱ መግለጫ ማቅረብ አለበት፤ ካላቀረበ ቻርተሩ ይሰረዛል። የወላጆች ማኅበር ሹማምንት ደግሞ ልጆቻቸው ትምህርት ሲጨርሱ አብረው የሚወጡ ናቸውና ቀኑን የሚያስታውስ ይጠፋል። ኬክ ሸጦ ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ መሰብሰቡ ግን እንደ ቀድሞው ይቀጥላል። ታዲያ በባንክ ያለው ገንዘብ የማን ነው? ውል የፈረመችው ገንዘብ ያዥስ በራሷ ስም ትጠየቃለችን?

ቻርተሩ መመለሱን እንደግፋለን። ዳሩ ግን አንድ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ በማስታወሻ ደብዳቤ ሊያድነው የሚችለውን ጉዳይ እስከ ሁለት ምክር ቤቶች ማድረሱ አይዋጥልንም።