ሚዛን ላይ 51፣ ሪንግ ውስጥ ስንት?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣


በጋዜጣችሁ የስፖርት ገጽ የቦክስ ውጤት በወጣ ቁጥር ከልጁ ስም አጠገብ 51 ኪሎ፣ 57 ኪሎ ተብሎ ይጻፋል። አንባቢ ያንን ቁጥር የልጁ ክብደት አድርጎ ያነበዋል። ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። ቁጥሩ ልጁ ሚዛን ላይ በቆመባት ደቂቃ የተገኘ ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንትም ሆነ ጓንት ባጠለቀበት ሰዓት ያን ያህል አልመዘነም። ዳባት ላይ የሰውነት ማጎልመሻ አስተምራለሁ፤ እዚህም ደባርቅም ቦክስ የሚሠሩ ታዳጊዎችን በቅርብ አውቃለሁ። የምጽፍላችሁ አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው፦ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ለውድድር ሲባል ውሃ እየተከለከለ ኪሎ እንዲያወርድ መደረጉ ይቁም፤ የሚከለክል ደንብም ይውጣ።

የክብደት ምድብ የተፈጠረው ትንሹ ለትልቁ ቡጢ እንዳይጋለጥ ነው። ኪሎ ማውረድ ይህንኑ ያፈርሰዋል። ልጁ ከቱታው ሥር ላስቲክ ለብሶ ይሮጣል፣ ምግብና ውሃ ያቆማል፣ አፉ እስኪደርቅ ምራቁን ይተፋል፤ ሚዛኑን ካለፈ በኋላ ጠጥቶና በልቶ ወደ ቀድሞ ክብደቱ ይመለሳል። የእኛ አካባቢ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ገብሱን ውሃ አርከፍክፎ ሚዛን ላይ የሚያወጣ ሻጭ በገበያ ሲያዝ ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። አካሉን አድርቆ ሚዛን ላይ የሚወጣው ግን ጎበዝ ይባላል፤ ያስደረቀው ሰውም አሠልጣኝ ተብሎ ይመሰገናል።

የዚህ መዘዝ በትልቁ ዓለም በአደባባይ ታይቷል። በፈረንጆቹ የካቲት 2000 ኒው ዮርክ ላይ ቦክሰኞቹ አርቱሮ ጋቲና ጆይ ጋማሽ ተጋጠሙ። ሁለቱም በዋዜማው 141 ፓውንድ፣ ማለትም 64 ኪሎ ገደማ የሆነውን ገደብ አሟልተዋል ተብሎ ነበር። በግጥሚያው ምሽት ግን ጋቲ እንደገና ሲመዘን 160 ፓውንድ፣ ከ72 ኪሎ በላይ ሆኖ ተገኘ። ጋማሽ በሁለተኛው ዙር በዝረራ ወደቀ፤ አንጎሉ ተጎዳ፤ ወደ ሪንግም አልተመለሰም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ዳኛው በሚዛኑ ላይ ቸልተኝነት ነበር ቢሉም ለጋማሽ ካሳ አልፈረዱለትም።

«ሁሉም ስለሚያደርገው እኩል ነው» የሚል ክርክር ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እኩል አይደለም። ሐኪምና የምግብ ባለሙያ ያለው ፕሮፌሽናል ቦክሰኛ በዋዜማው ተመዝኖ አንድ ሙሉ ቀን እየተከታተሉት ያገግማል። ከደባርቅ ሌሊት ተነስቶ በአውቶቡስ ወደ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር የሚወርድ ተማሪ ይህ ሁሉ የለውም። በአማተር ቦክስ ሚዛን የሚወጣው ደግሞ በግጥሚያው ቀን ጠዋት ነው፤ ባሸነፈ ቁጥርም ለሚቀጥለው ግጥሚያ እንደገና ይመዘናል። ስለዚህ በውድድሩ ቀናት ሁሉ ሳይጠግብና ጥሙን ሳይቆርጥ ይሰነብታል።

በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚወርደው ኪሎ በአብዛኛው ስብ አይደለም፤ ውሃ ነው። ደም ይወፍራል፣ ልብ ትጨነቃለች፣ ሰውነት ሙቀቱን ማውጣት ያቅተዋል። እኛ ደግሞ ከፍታ ላይ ነን። ደባርቅ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር አካባቢ ናት፤ ደረቅና ቀዝቃዛ አየሯ በትንፋሽ ብቻ ብዙ ውሃ ይወስዳል፤ ብርዱም ጥሙን ይሸፍነዋል። «እኛ ጾም የለመድን ሕዝብ ነን» የሚሉኝ ወላጆች አሉ። ጾመኛ ግን በጠማው ሰዓት ጭንቅላቱን ለቡጢ አይሰጥም።

በፈረንጆቹ 1997 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ ትግል ተወዳዳሪዎች ኪሎ ለማውረድ ሲታገሉ ሞቱ፤ በመጀመሪያውና በሦስተኛው ሞት መካከል ያለው ጊዜ ከአንድ ወር እምብዛም አይበልጥም። ከዚያ በኋላ የኮሌጆቹ ስፖርት ማኅበር ላስቲክ ልብስና ሳውናን ከለከለ፤ ሚዛኑን ወደ ግጥሚያው ሰዓት አስጠጋ፤ ውድድሩ ሳይጀመር እያንዳንዱ ተወዳዳሪ በሽንት ምርመራ ውሃ አለመጠማቱ ተረጋግጦ ዝቅተኛ ክብደቱ እንዲወሰን አደረገ። ለደንቡ ሦስት ሕይወት ተከፍሏል። እኛ እስክንከፍል መጠበቅ የለብንም።

ልጆቹን ወደዚህ የሚገፋቸው ብዙውን ጊዜ ምርጫው ነው። ቡድን በአንድ ምድብ አንድ ልጅ ሲያስመዘግብ፣ ሁለተኛው ወይ ይቀራል ወይ ወርዶ ሌላ ቦታ ይፈልጋል። የ16 ዓመት ተማሪዬ 54 ኪሎ ይመዝን ነበር። በ54 የሚበልጠው ልጅ ስለነበረ «51 ከገባህ ትሄዳለህ» ተባለ። በጉዞው ሁሉ ውሃ ሳይቀምስ ሄዶ ሚዛኑን አለፈ። በሁለተኛው ዙር እግሩ ከዳው፤ ዳኛው አስቆሙት። ሌሊቱን ሲያስመልሰውና ራሱን ሲያመው አደረ። ከዚያ ወዲህ ጓንት አላጠለቀም። የተሸነፈው በቡጢ አልነበረም፤ ሪንግ ውስጥ ሲገባ ቀድሞ አልቆ ነበር።

በፓሪስ ኦሊምፒክ የህንዷ የትግል ተወዳዳሪ ቪኔሽ ፎጋት የደረሰባት ከዚህ የራቀ አይደለም። በ53 ኪሎ የአገሯን ቦታ ሌላ ስለያዘችው ወደ 50 ወረደች። በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች፤ ሌሊቱን ስትሮጥና ላብ ስታወጣ አድራ፣ ፀጉሯን እንኳ አስቆርጣ፣ ጠዋት 100 ግራም በልጦባት ተሰረዘች። ብዙ ሰው ለ100 ግራሙ አዘነ። እኔ ያዘንኩት ከ53 ወደ 50 ለመራት መንገድ ነው።

ምድቦቹ እየሳሱ መምጣታቸው ነገሩን አባብሶታል። በሲድኒ 2000 ኦሊምፒክ የወንዶች ቦክስ ከ48 ኪሎ ጀምሮ 12 ምድብ ነበረው፤ ከ48 እስከ 60 ባለው መካከል ልዩነቱ ሦስት ሦስት ኪሎ ብቻ። በፓሪስ 2024 ሰባት ቀሩ፤ ትንሹ ምድብ 51 ሆነ፤ ቀጣዩ 57። 54 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በዚያ ደረጃ የራሱ ቦታ አልነበረውም። ከሰሜን ተራሮች ሥር የሚያድጉ ልጆቻችን አብዛኞቹ ቀጫጭኖች ናቸው፤ የታጠፈው ምድብ የእነሱ ነው። አገራችን በኦሊምፒክ ያገኘችው ሜዳሊያ ሁሉ ከሩጫ የመጣ በመሆኑ ስለ ቦክሰኞቻችን ክብደት የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

ለኦሊምፒኩ እኛ መድኃኒት የለንም። ለታዳጊዎች ውድድር ግን አለን፤ ብዙ ገንዘብም አይፈልግም። እያንዳንዱ የታዳጊ ፕሮጀክት ልጆቹን በየሳምንቱ መዝኖ በመዝገብ ይጻፍ፤ ማንም ልጅ በመዝገቡ ካለው ክብደት በታች በሆነ ምድብ አይመዝገብ። ላስቲክ ለብሶ መሮጥ ይከልከል። በሚዛኑ ጠዋት የጤና ባለሙያ ተገኝቶ ውሃ የጠማውን ልጅ ይመልስ፤ ያለዚህ የጠዋት ሚዛን ብቻውን ልጁን ደርቆ እንዲጋጠም ከማድረግ አያልፍም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቡድኖች በአንድ ምድብ ሁለት ልጅ እንዲያስመዘግቡ ይፈቀድላቸው። ያኔ ተማሪዬን 51 ግባ የሚለው ሰው ምክንያት አይኖረውም።

እናንተም አዘጋጆች የታዳጊዎችን ውጤት ስትዘግቡ አሠልጣኞችን «ልጁ ከወር በፊት ስንት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁልን። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ለውድድር ሊሄድ ሳምንት ሲቀረው ውሃ መጠጣት ካቆመ ዝም አትበሉ፤ ፈቃዳችሁን ከልክሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰውነት ማጎልመሻ መምህር፣ ከዳባት